አውራ ዶሮን በዝርያ መለየትና የወጠጤውን ጠባይ ማንበብ፦ ዝርዝር መመሪያ

ስለ አንድ አውራ ዶሮ ዝርያ ሲጠየቅ አብዛኛው ሰው መልሱን ከላባው ቀለም ይጀምራል፤ የሚሳሳተውም እዚያው ላይ ነው። ቀዩ ሁሉ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ነጩ ሁሉ ሌግሆርን፣ ገብስማው ሁሉ ፕሊማውዝ ሮክ ይባላል። እስቲ ሦስት አውራዎችን ጎን ለጎን አስቡ፤ የሦስቱም ገላ ነጭ ነው፣ አንገታቸው ላይ ጥቁር አለ፣ ጅራታቸውም ጥቁር ነው። ከሩቅ ወንድማማች ይመስላሉ። አንዱ ግን ሰሴክስ፣ አንዱ ብራህማ፣ አንዱ ዋያንዶት ነው። ሰሴክሱ አናቱ ላይ ቀጥ ብሎ የቆመ ነጠላ ሥጋና ነጣ ያለ እግር አለው። የብራህማው የአናት ሥጋ ዝቅ ያለና ሦስት ረድፍ ነው፣ እግሩም እስከ ጣቱ ላባ ለብሷል። ዋያንዶቱ ደግሞ አናቱ ላይ ተኛ ያለ ድምድም አለው፣ እግሩም ቢጫና ላባ የሌለው ነው።

ስለዚህ እዚህ ቀለም የሚመጣው መጨረሻ ላይ ነው። ጠባይን በተመለከተም ከዝርያው በፊት ዕድሜው ይጠየቃል፤ በአምስት ወሩ ሰው የሚያባርር አውራና በሁለት ዓመቱ የሚያባርር አውራ የሚፈልጉት መፍትሔ የተለያየ ነው።

1. በእርግጥ አውራ ነው?

ከስድስተኛው ሳምንት ገደማ ጀምሮ የወንዱ የአናት ሥጋ ከእህቶቹ ቀድሞ ያድጋል፣ ይቀላል፤ ከምንቃሩ ሥር የሚንጠለጠለውም እንዲሁ። እግሩም ወፈር ይላል። ይሁን እንጂ ይህ ከዝርያ ዝርያ በጣም ይለያያል። የሌግሆርን ቄብ አናቷ ቶሎ ስለሚያድግ ወንድ ናት ተብላ ትጠረጠራለች፤ የብራህማ ወንድ ደግሞ አናቱ ትንሽ ስለሆነ ለብዙ ሳምንታት ሴት መስሎ ይቆያል።

የበለጠ የሚያስተማምነው ላባው ነው። ሦስት ወር ገደማ ሲሞላው ወገቡ ላይ፣ ጅራቱ ከሚነሳበት ፊት ለፊት የሚበቅሉትን ላባዎች በጣታችሁ ለይታችሁ እዩ። የወንዱ ረጅም፣ ቀጭንና ጫፉ ሹል ነው፤ ብርሃን ሲያርፍበትም ያብረቀርቃል። የሴቷ ጫፉ ክብ ነው። እዚያ ቦታ ላይ ሹል ላባ ካገኛችሁ ክርክሩ አለቀ። ክብ ላባ ግን ሁልጊዜ ሴት ማለት አይደለም፤ ሲብራይት በሚባለው ትንሽ ዝርያ አውራውም እንደ ሴቷ ክብ ላባ ነው የሚለብሰው። መጮኽም ብቻውን ማስረጃ አይሆንም። አውራ በሌለበት መንጋ ውስጥ የበላይ የሆነች ሴት አልፎ አልፎ ስትጮኽ ትሰማለች።

2. ሲመሽ ያዙት

ቀን እያሯሯጡ መያዝ ሰውንም ዶሮንም ያደክማል። መሽቶ ቆጥ ላይ ከወጣ በኋላ ሁለቱን ክንፎቹን ከገላው ጋር አጣብቃችሁ አውርዱት፤ በጨለማ እምብዛም ስለማያይ ብዙ አይታገልም። ከዚያ በእጅ ባትሪ በዚህ ቅደም ተከተል አይታችሁ ጻፉ፦ የአናት ሥጋ፣ የጆሮ ሥጋ፣ የቅልጥም ቀለም፣ የጣት ብዛት፣ የእግር ላባ፣ የውስጥ እግር (መዳፉ)። ቁመናውንና የላባውን ቀለም ለጠዋት ብርሃን ተዉት። እግረ መንገዳችሁን ከጅራቱ ሥር ያለውን ላባ ገለጥ አድርጋችሁ ቅማል እንዳለበት ተመልከቱ፤ እጅ ውስጥ ገብቶ ሳይታይ መልቀቅ ኪሳራ ነው።

3. የአናት ሥጋ

ከሁሉም ምልክቶች ብዙ የሚናገረው ይህ ነው። ነጠላ የሚባለው ቀጥ ብሎ የቆመና ጫፉ እንደ መጋዝ ጥርስ ያለው ነው፤ ሌግሆርን፣ ሚኖርካ፣ ሰሴክስ፣ ኦርፒንግተን፣ ፕሊማውዝ ሮክና ኒው ሃምፕሻየር ሁሉም ነጠላ ናቸው። ድምድም የሚባለው ሰፊና ዝቅ ያለ ሆኖ ላዩ በትናንሽ እብጠቶች የተሞላ፣ ወደ ኋላ ሹል ጫፍ ያለው ነው፤ ዋያንዶት በዚህ ይታወቃል። ሮድ አይላንድ ሬድ ነጠላም ድምድምም ያለው ዝርያ ስለሆነ በዚህ ብቻ አይለይም። አተር መሰሉ ሦስት ዝቅተኛ ረድፎች ያሉት ሲሆን መካከለኛው ከፍ ይላል፤ ብራህማና ኮርኒሽ ላይ ይገኛል። እንደ ዋልነት ፍሬ የተጨማደደ እብጠት ካያችሁ ሲልኪን ወይም ድቅሉን ጠርጥሩ። ሁለት ቀንድ የሚመስል ከሆነና ከኋላው ትልቅ ጉትዬ ካለ ፖሊሽ ሊሆን ይችላል።

የአናት ሥጋ የሚወረስበት መንገድ በደንብ የታወቀ ስለሆነ የወላጆችንም ነገር ይነግራል። እንግሊዛዊው ዊሊያም ቤትሰን እ.ኤ.አ. በ1902 የሜንዴል የውርስ ሕግ በእንስሳትም ላይ እንደሚሠራ ካሳየባቸው ነገሮች አንዱ የዶሮ የአናት ሥጋ ነበር። በኋላም ከሬጂናልድ ፑኔት ጋር ሆኖ ንጹሕ ድምድምና ንጹሕ አተር መሰል ሲዳቀሉ ልጆቹ ሁሉ የዋልነት ቅርጽ እንደሚይዙ አሳየ። እነዚያ ልጆች እርስ በርስ ሲዳቀሉ ደግሞ በአማካይ ከ16ቱ 9ኙ ዋልነት፣ 3ቱ ድምድም፣ 3ቱ አተር መሰል፣ 1ዱ ነጠላ ይሆናሉ።

ለዶሮ አርቢ ይህ ምን ይጠቅማል? ነጠላ በድምድምም በአተር መሰልም የሚሸፈን፣ ማለትም ከሁለቱም ወላጆች ካልተወረሰ የማይታይ ጠባይ ነው። በመሆኑም ሁለት ነጠላ ወላጆች ድምድም ጫጩት አይወልዱም። ነጠላ አውራና ነጠላ እናት ይዛችሁ ድምድም ጫጩት ከተፈለፈለ፣ አባትየው አጥር ዘሎ የመጣ ሌላ አውራ ነው። የተገላቢጦሹ ግን ይሆናል፤ ከሁለት ድምድም ወላጆች ነጠላ ሊወጣ ይችላል። ሌግሆርን ነው የተባላችሁት ነጭ አውራ አናቱ አተር መሰል ከሆነም አያቶቹ ውስጥ ሌግሆርን ያልሆነ አንድ እንዳለ እወቁ።

4. ጆሮና እግር

ከጆሮው ቀዳዳ ሥር ያለችውን ትንሽ ሥጋ ተመልከቱ። እንደ ሌግሆርንና ሚኖርካ ባሉ የሜዲትራኒያን ዝርያዎች ነጭ ናት፤ በአብዛኞቹ ከባድ ዝርያዎች ቀይ ናት። ቀይና ነጭ የተቀላቀለባት ከሆነች ብዙ ጊዜ ክልስ ነው።

የቅልጥም ቀለም ቢጫ፣ ነጣ ያለ፣ ግራጫማ ሰማያዊ፣ አረንጓዴማ ወይም ጥቁር ሊሆን ይችላል። ሌግሆርን፣ ሮድ አይላንድ ሬድ፣ ፕሊማውዝ ሮክ፣ ዋያንዶትና ብራህማ ቢጫ ናቸው። ሰሴክስና ዶርኪንግ ነጣ ያሉ ናቸው። ፋዮሚ ግራጫማ ነው። ቢጫነት የሚሸፈን ጠባይ ስለሆነ ዶሮው ከአባቱም ከእናቱም ሊወርሰው ይገባል። በዚያ ላይ ቢጫው ቀለም የሚመጣው ከመኖ፣ ከቢጫ በቆሎና ከለምለም ቅጠል ነው፤ እነዚህን ያላገኘ ቢጫ እግር ገርጥቶ ነጭ ሊመስል ስለሚችል ሲበላ የከረመውንም ጠይቁ።

ጣት ቁጠሩ። አብዛኛው ዶሮ አራት አለው። አምስት ከሆነ ዝርዝሩ በአንዴ ያጥራል፦ ዶርኪንግ፣ ፋቨሮል፣ ሁዳን፣ ሲልኪና ሱልጣን፣ ወይም የእነሱ ድቅል።

የውስጥ እግር ብዙ ሰው የማያየው ቦታ ነው። ሁለት ግዙፍ ጥቁር አውራዎች አሉ እንበል፤ ሁለቱም ነጠላ አናት፣ ሁለቱም ቀይ ጆሮ፣ ላባቸው በፀሐይ አረንጓዴ የሚያብረቀርቅ፣ ቅልጥማቸውም ጠቆር ያለ። እግራቸውን ገልብጡ። መዳፉ ነጭ ከሆነ አውስትራሎርፕ ነው፤ ቢጫ ከሆነ ጀርሲ ጃያንት ነው። ምላስና የአፍ ውስጥ ሥጋ ሳይቀር ጥቁር ከሆነ ደግሞ የኢንዶኔዥያውን አያም ሴማኒ አስቡ። ሲልኪም ቆዳው ጥቁር ነው፤ ነገር ግን ላባው ጸጉር ስለሚመስል ከሴማኒ ጋር የሚምታታ አይደለም።

5. ቁመና፣ ከዚያም ቀለም

ጠዋት ሲፈታ ከሩቅ ሆናችሁ በጎን እዩት። ሌግሆርን ቀጠን ያለ፣ ንቁና ጅራቱ ከፍ ያለ ነው። ኦርፒንግተን ሰፊና ላባው የበዛ ስለሆነ ከእውነተኛ ክብደቱ በላይ ይታያል። ኮርኒሽ ደረቱ ሰፊ፣ እግሮቹ ተራርቀው የተተከሉ፣ ላባው ገላው ላይ የተለጠፈ ነው። ሮድ አይላንድ ሬድ ጀርባው ረጅምና ጠፍጣፋ ነው፤ ቀይነቱም ወደ ጥቁር የሚያደላ ጥልቅ ቀይ ነው። ደመቅ ያለ ብርቱካንማ ቀይ ካያችሁ ኒው ሃምፕሻየር ወይም ክልስ ነው የሚሆነው።

ጥቁርና ነጭ መስመር ያለው ገብስማ አውራ ላይ አንድ ነገር ልብ በሉ። መስመር የሚያወጣው ጂን በፆታ ክሮሞሶም ላይ ስለሚገኝ ንጹሕ ዝርያ የሆነ ወንድ ሁለት ይይዛል፣ ሴቷ አንድ ብቻ። በዚህም ምክንያት አውራው ከእህቶቹ ነጣ ይላል፣ ነጩ መስመር ሰፊ ነው። በፕሊማውዝ ሮክም፣ በደቡብ አፍሪካው ፖቸፍስትሩም ኮኮክም ይህ ይታያል። እንደ ሴቶቹ ጠቆር ያለ ገብስማ አውራ ካያችሁ ጂኑን የወረሰው ከአንድ ወላጅ ብቻ ሊሆን ይችላል።

6. ዝርያ ላይኖረው ይችላል

ይህን ለመቀበል ሰው ይከብደዋል። በዓለም ላይ ካሉት የጓሮ አውራዎች ብዙዎቹ የአንድ ዝርያ አይደሉም፤ «ምን ዝርያ ነው?» ከማለት «ከምን ከምን ተዳቀለ?» ማለት ይሻላል። አንገቱ የተራቆተ ሆኖ ከፊት በኩል ትንሽ የላባ ጉንጉን ካለችበት፣ የአንገተ መላጣ ጂን ከአንድ ወላጅ ብቻ ደርሶታል፤ ንጹሑ አንገቱ ከሞላ ጎደል ባዶ ነው።

ሌላው ብዙ የሚያደናግረው ነጭ ሆኖ ትከሻውና ጀርባው ላይ ቀይ ወይም ወርቃማ የፈሰሰበት አውራ ነው። ይህ ብዙ ጊዜ የቡናማ እንቁላል ጣይ ድቅሎች፣ የእነ ኢሳ ብራውንና ሎማን ብራውን ወንድም ነው። ቀይ አባትና ብርማ እናት ሲዳቀሉ ሴቶቹ ቀይ፣ ወንዶቹ ነጭ ሆነው ይፈለፈላሉ፤ መፈልፈያ ጣቢያዎች በአንድ ቀን ዕድሜያቸው በቀለም የሚለዩዋቸውም በዚህ ነው። የዚህን አውራ ልጆች እንደ እናቱ እንቁላል ይጥላሉ ብሎ መጠበቅ አያዋጣም፤ የድቅል ጥሩነት በሚቀጥለው ትውልድ ይበታተናል።

7. የወጠጤውን ጠባይ በዕድሜው ማንበብ

እስከ ስምንተኛው ሳምንት ድረስ የምታዩት ጨዋታ ነው። ሁለት ጫጩቶች ፊት ለፊት ይቆማሉ፣ አንገታቸውን ያሰግጋሉ፣ ደረት ለደረት ይገጫጫሉ፣ ከዚያ ምንም እንዳልተፈጠረ መጫር ይቀጥላሉ። ሴቶቹም ያደርጉታል። አትገላግሏቸው።

የመጀመሪያው ጩኸት አብዛኛውን ጊዜ በአራተኛውና በአምስተኛው ወር መካከል ይሰማል፤ ቀድመው ከሚደርሱት ዝርያዎች አንዱ የሆነው ፋዮሚ ግን በጥቂት ሳምንቱ ይሞክራል። መጀመሪያ ላይ ድምፁ አጭር፣ የሻከረና መሃል ላይ የሚቆረጥ ነው፤ ታመመ ብላችሁ አትደንግጡ። ንጋትን የሚያውቀው ብርሃን አይቶ ብቻም አይደለም። የጃፓኑ የናጎያ ዩኒቨርሲቲ ተመራማሪዎች እ.ኤ.አ. በ2013 ባወጡት ጥናት አውራዎች በማያቋርጥ ደብዛዛ ብርሃን ውስጥ ሆነውም በውስጣዊ ሰዓታቸው ሲጮኹ ታይተዋል። በቡድን ሲኖሩም ቀድሞ የሚጮኸው የበላዩ ነው፤ ሌሎቹ በማዕረጋቸው ተራ ይከተላሉ። እንግዲህ ወጠጤያችሁ አንድ ቀን ዝም ካለ ትልቁ አውራ ዝም አሰኝቶት ሊሆን ይችላል።

ከአራት ወር ተኩል እስከ ዘጠኝ ወር ያለው ጊዜ ነው ሰው የሚማረርበት። ሆርሞኑ ደርሷል፣ ሥርዓቱ ግን ገና ነው። ጎልማሳ አውራ ሴት ዶሮ ሲፈልግ አንድ ክንፉን መሬት አስነክቶ በጎን ይዞራታል፣ እሷም ካልፈለገች ትሄዳለች። ወጠጤው ይህን ሁሉ ዘሎ ከኋላ ሮጦ የማጅራቷን ላባ በምንቃሩ ይይዛል፤ ሴቷ ትጮኻለች፣ መንጋው ይተራመሳል። ከእሱ የሚበልጡ ዕድሜ ጠገብ ሴቶች ወይም አንድ ጎልማሳ አውራ ባሉበት ያደገ ወጠጤ ግን ቶሎ ይታረማል፤ ነክሰው ያባርሩታል፣ ተራውን ያውቃል። ከእኩዮቹ ጋር ብቻ ያደገው የሚቆጣው ስለሌለ ይብሳል።

በዚህ ጊዜ በየሁለት ሦስት ቀኑ የሴቶቹን ጀርባ ተመልከቱ። ላባቸው ከሳሳ ወይም ከክንፋቸው ሥር በጥፍሩ የተቧጨረ ቁስል ካለ ወጠጤውን ለጥቂት ሳምንታት ለዩት።

በጎ ምልክቶችም አሉ። ምግብ አግኝቶ ራሱ ሳይውጥ «ኩክ ኩክ» እያለ እያነሳና እየጣለ ሴቶቹን የሚጠራ ወጠጤ ጥሩ አውራ ይወጣዋል። የበታች የሆነው አውራ ይህንኑ ድምፁን አጥፍቶ፣ በእንቅስቃሴ ብቻ ሲያደርግ ታገኙታላችሁ፤ የበላዩ እንዳይሰማው ነው። የማስጠንቀቂያ ድምፁንም ለዩ፦ ጭልፊት ሲያይ ቀጭንና የተሳበ ድምፅ ያወጣል፣ ሁሉም ወደ መሸሸጊያ ይሮጣሉ፤ በምድር የሚመጣ ድመት ወይም ውሻ ሲያይ ደግሞ ጮክ ያለ፣ የሚደጋገም መንጫጫት ነው።

8. ሰው ላይ ሲመጣ

ጥቃቱ በድንገት አይጀምርም። መጀመሪያ በጎን በጎኑ እየተጠጋ፣ አንድ ክንፉን ዝቅ አድርጎ ይዞራችኋል። ቀጥሎ ራሱን ዝቅ አድርጎ የአንገቱን ላባ ይነፋል፣ መሬቱን ባዶውን ይነቁራል። በዚህ ደረጃ ላይ ምላሽ ከሰጣችሁት ወደ መዝለል ላይደርስ ይችላል።

ወደ ኋላ አትሽሹ፤ መሸሽን እንደ ድል ይቆጥረዋል። አትምቱት፣ አትርገጡትም፤ መምታት ለእሱ የግጥሚያ ጥሪ ስለሆነ ነገ ጨምሮ ይመጣል። ቀጥ ብላችሁ ቁሙ፣ ከዚያ እሱ ወደቆመበት ረጋ ብላችሁ ተራመዱና ቦታውን እንዲለቅ አድርጉ። በእጃችሁ ጣውላ ወይም ባልዲ ያዙና ሲዘል በእሱ መክቱ እንጂ አትወርውሩት። እሱ እያየ ሴቶቹን ማሯሯጥና መያዝም ተዉ። በጫጩትነቱ ታቅፎ በእጅ እየበላ ያደገ ወንድ ሲጎለምስ ሰውን አይፈራም፤ እንደ ተቀናቃኝ አውራም ሊቆጥረው ይችላል። ስለዚህ ሴቶቹን አለማምዱ፣ ወንዶቹን ግን በርቀት ያዙ።

ሕፃናት ባሉበት ቤት ለሙከራ ጊዜ አይሰጥም፤ የሚዘልለው ዓይን ወደሚገኝበት ከፍታ ነውና ዛሬውኑ ይለይ። ከዓመት በላይ ሆኖትም የሚያጠቃ ከሆነ ግን ጉርምስና ነው ብላችሁ አትጠብቁ። ቁጡነት በከፊል ስለሚወረስ ከእሱ ዘር መውሰድም አይገባም።

9. ስንቱን፣ የትኛውን ማስቀረት

ለቀላል ዝርያዎች አንድ አውራ ከ10 እስከ 12 ሴቶች፣ ለከባዶቹ ከ8 እስከ 10 ይበቃዋል። ከዚህ በላይ አውራ ከበዛ ሴቶቹ ይጎዳሉ። ትርፍ ወንዶችን ለብቻቸው፣ ሴት በማያዩበት ቦታ ብታስቀምጧቸው ብዙ ጊዜ ሰላማዊ ሆነው ይኖራሉ፤ የሚያጣላቸው በዋናነት የሴት መኖር ነው።

መኖአቸውንም ለዩ። የእንቁላል ጣይ መኖ 3.5 እስከ 4 በመቶ ካልሲየም ስላለው በማደግ ላይ ላለ ወንድ ኩላሊት ይከብዳል፤ የታዳጊ መኖ ስጧቸው፣ ለሴቶቹ ካልሲየሙን ለብቻው በተቀመጠ የተፈጨ ዛጎል አድርሱ።

ምርጫውን ከስምንት ወር በፊት አትጨርሱ፤ ቢያንስ ሁለት ወንድ አቆዩና አወዳድሩ። ቀጥ ያሉ ጣቶች፣ ያልተጣመመ ምንቃር፣ ንቁ ዓይን፣ ከላይ የጻፋችኋቸው የዝርያ ምልክቶች፣ ምግብ የመጥራት ልማድ። አሮጌውን አውራ ያስወጣችሁ ቀን ግን የአዲሱ ዘር ወዲያው አይጀምርም፤ ሴቷ የቀድሞውን ዘር በሰውነቷ ይዛ ሁለት ሳምንት፣ አንዳንዴም ሦስት ሳምንት ድረስ የፀነሰ እንቁላል ትጥላለች። ስለዚህ ሦስት ሳምንት ሙሉ ሳያልፍ የተጣለውን እንቁላል ለማስፈልፈል አታስቀምጡ።